ሁለት ክንድ ፈቀቅ

ልጄ ኤፍራት ናት ከቤርሼባ የላከችልኝ ይህን ሰዓት፣
ግፊቴን ፈርታ፣ የልቤን ትርታ በስልኳ ልታደምጥበት።
«እርምጃህን ይቆጥርልሃል፤ ቀስ እያልክ ተራመድ» አለች።
እሷ ምን ታውቃለች!

በኤላት ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ ሳጥብ የማድር፣
ውሃን የማውቀው በማሽን መስተዋት ሲሽከረከር ነበር፣
አምሳ ሁለት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ፤
እስከዚያች ማለዳ፣ ማድረቂያው ተበላሽቶ፣ ከዓረባ በረሃ ያ ሰሜን ነፋስ
ያሰጣሁትን ነጥቆ ወደ ባሕሩ እስኪያንደረድር።

ጊዮራ የሚሉት ጡረተኛ፣ የወደብ ክሬን ነጂ የነበረ፣
አንሶላዬን ከውሃ ጎትቶ፣ ጨምቆ፣ አጣጥፎ ሰጠኝና ተናገረ፦
«ለጨርቅ ይህን ያህል የሮጥክ ሰው፣ ጨርቁ ቢሮጥልህ ምን ነበረ?»

ወሩን ሙሉ ወደቅሁ።
ጨው ጠጣሁ፤ ጉልበቴን ድንጋይ ላጠው፤ ሸራው በላዬ ተኛ፤
ተነሥቼ ስይዘው ደግሞ ይደፋኛል፣ እንደ ቂመኛ።
«ነፋሱን አትፈልገው» ይለኛል ጊዮራ፣ «ውሃው ላይ ጥላውን ተመልከት»፤
እኔ የማየው ጥላ የራሴን ነው፣ ተንጋልዬ ስንሳፈፍበት።

ከዚያ አንድ ቀን፣ እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅ፣
ሳንቃው ከውሃው ቀና አለ፤ ኳኳታው ጠፋ፤
ባሕሩ ከእግሬ ሥር፣ ካውያ እንዳለፈበት አንሶላ፣ ተዘረጋ፣ ሰፋ።

ፍጥነቱን ሰዓቱ በኖት ይናገራል። ጊዮራ «ኬሸር» ይለዋል፤ በእኛ ቋጠሮ፤
ቋጠሮ ሲፈታ እንጂ ሲሮጥ ማን ሰምቶ፣ ማን ተናግሮ!
አሥራ አራት ቋጠሮ። አሥራ ሰባት። እጄን ከዘንጉ ማንሣት ፈርቼ
በጨረፍታ አየዋለሁ፣ በጨው ዓይን፣ አንገቴን እንደ ግመል ጎትቼ።
አሥራ ዘጠኝን ሳይ ጮኽኩ። ማንም አልሰማም፤
ከማዶ የሚወጣው የጭነት መርከብ እንኳ ዘወር አላለም።

ያኔ ወደቅሁ።

ብቅ ስል ሰዓቱ ይንቀጠቀጣል፤ «እንኳን ደስ ያለህ፣ አዲስ ክብረ ወሰን!» ይላል፤
አርባ ሰባት ቋጠሮ!
ካርታውን ስከፍተው መስመሬ ባሕሩን ትቶ ሽቅብ ይወጣል፤
ድንበሩን ያለ ፓስፖርት ተሻግሮ፣ አቃባ ጎዳና ላይ ታጥፎ፣
ቀዩን ተራራ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ የሰው ግቢ አቋርጦ አልፎ፣
ተመልሶ ከእኔ ጋር ይገጥማል።
ጊዮራ በሳቅ ፈረሰ፤ «ውሃ ስትገባ ሰማዩ ይጠፋበታል፤
ሳተላይቱን ሲያጣ ይቀባጥራል፤ ሰርዘው» አለኝ። አልሰረዝኩትም።
ብዙ ጊዜ ወድቄያለሁ፤
ስወድቅ እንኳን ደስ ያለህ የሚለኝ ግን አላጋጠመኝም።

በእውነቱ መዝገብ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ፤
ሽው ብዬ ወጥቼ፣ ዞሬ፣ ሽው ብዬ ተመልሻለሁ፤
ጫማዬን ካወለቅሁበት ድንጋይ
ሁለት ክንድ ፈቀቅ ብዬ ቆሜያለሁ።

ስልኬ ጮኸ። ኤፍራት ናት፣ ከሕሙማን ክፍል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል፤
«ልብህ መቶ ሰባ አንድ መታ! ማነው አጠገብህ ያለው? ቁጭ በል!»
ቁጭ አልኩ። ነገርኳት፤ ስለ አንሶላው፣ ስለ ጊዮራ፣ ስለ ቋጠሮው፤
የአቃባውን ተራራ ግን ዋጥኩት፤ ለእኔ ይሁን የቀረው።
ዝም አለች። የሆነ ማሽን ከኋላዋ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል፤
የማን ልብ እንደሆነ አልጠየቅሁም።
«ማክሰኞ እረፍት ነኝ» አለች በመጨረሻ፤ «ነፋስ ይኖራል?»

ሰዓቴን አየሁ። ባትሪው አልቆ ፊቱ ጠቁሯል።
ጣቴን ላስኩና ወደ ሰሜን ቀሰርኩ።